የቲዩሉ ወረቀት ከቦርሳ ሲወጣ



ዝናቡ አልፎ ሜዳው ሲለመልም፣ በአንዳንዱ ትምህርት ቤት ደግሞ ገና ከበዓላቱ ማግሥት፣ ከልጆቻችን ቦርሳ አንድ ወረቀት ይወጣል። የዓመቱ ቲዩል ወረቀት ነው። ልጁ እየተቻኮለ "እማ፣ እዚህ ጋ ፈርሚ" ይላል። እናት "ምንድን ነው?" ስትለው "ምንም አይደል፣ ቲዩል ነው" ብሎ ያልፋል። ከዚያ በብዙ ቤት ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ወረቀቱ ሳይነበብ ይፈረማል፤ ወይ "ከቤት ውጭ ማደር የሚባል ነገር የለም!" ተብሎ ነገሩ እዚያው ይዘጋል።

ሁለቱም ልጁን ይጎዱታል። ያልተነበበ ወረቀት የፈረመ ወላጅ ልጁ የት እንደሚያድር አያውቅም። የከለከለ ወላጅ ደግሞ ልጁን ከጓደኞቹ ይለየዋል። ሦስተኛው መንገድ ጠይቆ፣ አውቆ፣ ስንቅ አሰናድቶ መሸኘት ነው። መንገደኛ ማሰናዳት ደግሞ ለእናንተ አዲስ ሙያ አይደለም።

ቲዩል ለምን ያስፈልጋል?

በተወለድንበት አገር ልጅ ተራራ የሚወጣው ተራራውን ለማየት ብሎ አልነበረም። ከብት ሊጠብቅ፣ እንጨት ሊለቅም፣ ውሃ ሊቀዳ፣ ዘመድ ሊጠይቅ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ቦርሳ ተሸክሞ ዝም ብሎ መሄድ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው። "ለዚህ ነው እንዴ ገንዘብ የሚከፈለው?" የሚሉ አሉ፤ አይፈረድባቸውም።

እዚህ አገር ግን አገርን በእግር ማወቅ ከትምህርቱ አንዱ ነው። ከፍ ባሉት ክፍሎች "ሼላሕ" የሚባል ትምህርት አለ። ስሙ ሜዳ፣ ሕዝብና ማኅበረሰብ ከሚሉት ሦስት የዕብራይስጥ ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች የተሠራ ነው። ጎሕ ሳይቀድ በእባብ መንገድ መጻዳ የወጣ፣ በኤን ገዲ ፏፏቴ ሥር ፊቱን የታጠበ፣ በማኽቴሽ ራሞን ኮከብ ሲያይ ያመሸ ልጅ በመጽሐፍ ያነበበውን አገር በእግሩም ያውቀዋል።

ሌላም አለ። ቲዩሉ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው፤ ወሬው ግን ዓመቱን ሙሉ ይቆያል። ማን እንደወደቀ፣ ማን ማንን እንደደገፈ፣ ሌሊት ማን እንዳንኮራፋ ሲወራ፣ የቀረ ልጅ ሌሎቹ ለምን እንደሚስቁ አይገባውም። ልጆቻችን ከክፍሉ ተለይተው የሚቀሩበት ምክንያት አላነሳቸውም፤ እኛ ደግሞ ሌላ አንጨምርላቸው።

ወረቀቱን ማን ያንብብልን?

ወረቀቱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነው። አንደኛው "ኢሹር ሆሪም" የሚባለው የወላጅ ፈቃድ ነው። ሁለተኛው "ሃጽሃራት ብሪኡት"፣ ማለትም ስለ ልጁ ጤና ወላጅ የሚፈርመው ቃል ነው። ዛሬ ዛሬ በስልክ የሚልኩም አሉ፤ ጣት ሲነካው ተፈረመ ማለት ነውና ተጠንቀቁ።

ልጁ ራሱ ብቻውን አስተርጓሚ አይሁን። ልጅ የሚያነብልን የወደደውን መስመር ነው። ዕብራይስጡ ከከበዳችሁ መሐኔኸቷን በስልክ ጠይቁ። በትምህርት ቤቱ መጋሼር ካለ እሱን አስጠሩ፤ ሥራው ይኸው ነው። ከቲዩሉ በፊት የወላጆች ስብሰባ ከተጠራ ሥራ ቢኖርም ከሁለታችሁ አንዳችሁ ሂዱ። እነዚህን ጠይቁ፦

1. የሚሄዱት የት ነው? በቀን ስንት ኪሎ ሜትር በእግር ይሄዳሉ?
2. የሚያድሩት በድንኳን ነው ወይስ በአክሳኒያ? ወንዶቹና ሴቶቹ ማደሪያቸው እንዴት ተለይቷል? ሌሊት ከልጆቹ አጠገብ የሚሆነው አስተማሪ ማን ነው?
3. ምግቡን የሚያቀርበው ማን ነው? ከቤት የሚያዘውስ የስንት ጊዜ ምግብ ነው?
4. አንድ ነገር ቢያጋጥም የምደውለው ለማን ነው? ስልኩስ?
5. በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የት ነው የሚመለሱት?

ይህን መጠየቅ ማስቸገር አይደለም። ሌሎቹ ወላጆችም ይጠይቃሉ፤ እንዲያውም ከእኛ ይበልጥ።

ትምህርት ቤት ልጆችን ዝም ብሎ ይዞ እንደማይወጣም እወቁ። የጉዞው መንገድ በትምህርት ሚኒስቴር ቲዩሎችን የሚያስተባብረው ክፍል ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። መሣሪያ የያዘ አጃቢና የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ የሚሰጥ ሰው አብረው ይሄዳሉ። ከባድ ሙቀት ከተተነበየ መንገዱ ይቀየራል ወይም ቀኑ ይዛወራል። እንዲህ ሲሆን "ከፍለን ሳለ ለምን ቀረ?" ብለን አንቆጣ፤ ለልጆቹ ታስቦ ነው።

ስለ ገንዘቡ

ይህን በግልጽ እንነጋገር። አንዳንድ ወላጅ "ገንዘብ አጠረኝ" ከማለት "ልጄን አልሰድም" ማለት ይቀለዋል። ልጁም የቤቱን ነገር ያውቃልና "እኔም መሄድ አልፈልግም" ብሎ ወላጁን ከሐፍረት ያድናል። ብዙ ልጆች እንዲህ አድርገዋል።

በብዙ ትምህርት ቤቶች የክፍያ ቅናሽ የሚያይ ኮሚቴ አለ። ጉዳዩን ለጸሐፊዋ ወይም ለዮዔጼቷ ለብቻ መንገር ይቻላል፤ ክፍሉ አይሰማም። በትንሽ በትንሹ ልክፈል ማለትም ይቻላል። ዋናው ነገር ቀደም ብሎ መሄድ ነው። አውቶቡሱ ሊነሳ ሁለት ቀን ሲቀረው የሄደ ሰው መልስ ለማግኘት ይቸገራል።

በሽታውን የሸሸገ

የጤናው ወረቀት ከሁሉም ይበልጣል። አባቶቻችን "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም" ያሉት ለዚህ ነው። በእኛ ዘንድ የልጅን ሕመም ለባዕድ መንገር ይከብዳል። "ስም ይወጣበታል፣ ነገ ትዳሩ ላይ ይነሳበታል" እንላለን። ነገር ግን የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ተራራ ላይ ቢወድቅ፣ አጠገቡ ያለው አስተማሪ ምን እንደሆነ ካላወቀ ምን ያደርግለታል? አስም ያለባት ልጅ ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲያጥራት የምትስበው መድኃኒት ቤት ቀርቶ ቢሆንስ?

ስለዚህ አስም፣ ስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብ ችግር፣ በንብ ንክሻ ወይም በምግብ የሚመጣ አለርጂ፣ ቀዶ ሕክምና፣ በየቀኑ የሚወሰድ ኪኒን፣ ሁሉም ይጻፍ። ጥርጣሬ ካላችሁ በኩፓት ሆሊም ያለውን የልጁን ሐኪም ጠይቁ። መድኃኒቱ የልጁ ስምና የሚወሰድበት ሰዓት ተጽፎበት ይያዝ። መሐኔኸቷም የት ኪስ ውስጥ እንዳለ ትወቅ።

ሌሊት አልጋ የሚያረጥብ ልጅ ካላችሁ ደግሞ፣ እንኳን ለክፍል ለታናሽ እህቱም አይነገርበት። ለመሐኔኸቷ ወይም ለዮዔጼቷ ለብቻ ንገሩ። ብዙ ልጆች ላይ ያለ ነገር ነው፤ አስተማሪዎቹ ሌሊት ቀስ ብለው የሚቀሰቅሱበትን ዘዴ ያውቃሉ። ልጁ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ብቻ ከሆነ መፍትሔ አለው።

ቦርሳው

ለቲዩል ተብሎ ውድ ዕቃ አይገዛም። ሳክ ሼና የሚባለውን የመኝታ ከረጢት ከጎረቤት ወይም ከዘመድ መዋስ ይቻላል። ገንዘብ ካለ ጫማው ላይ ይዋል።

ጫማው ዝግ፣ ሶሉ የማያንሸራትት፣ እግር የለመደው ይሁን። አዲስ ጫማ ገዝቶ በዚያው ቀን ማድረግ እግርን መቅጣት ነው፤ ገና በመጀመሪያው ዳገት ተረከዝ ውሃ ይቋጥራል። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ትምህርት ቤት ያድርገው። በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ ቦርሳውን ሞልቶ ተሸክሞ ከእናንተ ጋር አንድ ሰዓት ይሂድ። የሚከብደው፣ የሚቆረቁረው፣ የሚጎድለው ነገር ሁሉ ያኔ ይታወቃል። ከመሄዱ በፊት የእግሩን ጥፍር ይቁረጥ፤ ካልሲም ለየቀኑ ሁለት ሁለት ይያዝ።

ውሃ ለአንድ ቀን የእግር ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 3 ሊትር እንዲያዝ ይታዘዛል። ይህ ብቻውን 3 ኪሎ ነው። ስለዚህ ሌላው ጓዝ ይቀንስ፤ ውሃው ግን አይቀነስ። በውሃ ቦታ ኮላ አይያዝ። እዚህ ላይ ለእናንተ የተለየ አደራ አለን። እኛ በመጣንበት መንገድ ውሃ እየተቆጠበ ነበር የሚጠጣው፤ ልጅም "ትንሽ ብቻ ቅመስ" ይባል ነበር። ዛሬ ልጁን "ውሃህን ቆጥብ" ብላችሁ አትምከሩት። ሳይጠማው ቶሎ ቶሎ ይጠጣ። ራሱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ካቅለሸለሸው ወዲያው ለአስተማሪ ይናገር። ጓደኛው እንዲህ ሲሆን ካየም ይናገርለት።

ልብሱ ቀላል ይሁን፤ ባርኔጣ ግዴታ ነው። "በረሃ ስለሆነ ሙቀት ነው" ብላችሁ ሹራብ አታስቀሩ። በረሃ ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ያንቀጠቅጣል፤ ቆላ ወርዶ ያደረ ሰው ያውቀዋል። የእጅ ባትሪ፣ ሶፍት፣ ሳሙና፣ ፎጣ፣ አንድ ቅያሪ ልብስ በላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ ይግባ። በሁሉም ዕቃ ላይ ስም ይጻፍ።

ወደ ስንቁ እንምጣ። እንጀራ በወጥ ሙቀት ላይ ስለሚበላሽ ለመጀመሪያው ቀን ምሳ ካልሆነ አይያዝ። ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎና ቆሎ ግን ለመንገድ የተፈጠሩ ናቸው። አይከብዱም፣ አይበላሹም፣ አንድ እፍኝ ረሃብ ያስታግሳል። አንዳንድ ልጅ ቆሎውን ለማውጣት ያፍራል። ለዚህ የምናውቀው መድኃኒት አብዝቶ መላክ ነው፤ ለራሱ ሳይሆን ለድንኳኑ ልጆች የሚበቃ። "እንካችሁ ቅመሱ" ብሎ ያዘገነ ልጅ አያፍርም፤ ማታውን ከረጢቱ ባዶ ይሆናል። በክፍሉ ውስጥ የኦቾሎኒ ወይም የሰሊጥ አለርጂ ያለበት ልጅ እንዳለ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካለ ቆሎው ውስጥ አትጨምሩ።

ከመንገድ አለመውጣት

ልጁ እነዚህን ከመሄዱ በፊት በአፉ ይበልላችሁ፤ ብቻውን ከቡድኑ አይለይም፤ ለሽንት እንኳን ሲወጣ ለአንድ ሰው ይነግራል። በድንጋይ ላይ የተቀባው የመንገድ ምልክት ሦስት መስመር ነው። ዳርና ዳሩ ነጭ፣ መካከሉ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነው። ምልክቱ ከጠፋበት፣ ወይም ቡድኑ ካመለጠው፣ ባለበት ይቁም፤ እየተጣራ ይጠብቅ። አጠገቡ ትልቅ ሰው ከሌለ ስልክ ካለው፣ ፖሊስ 100፣ ማጌን ዳቪድ አዶም 101 ነው።

ስለ ውሃ ሙላትም ንገሩት። የበረሃ ሸለቆ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ሊሞላ ይችላል፤ ዝናቡ የዘነበው ሩቅ ደጋ ላይ ነውና። ደራሽ ውሃ የምንለው ይኸው ነው። በኤፕሪል 2018 በናሐል ጻፊት ደራሽ ጎርፍ 10 ወጣቶችን ገድሏል። ስለዚህ "ዝናብ ቢተነበይ መንገዱን ትቀይራላችሁ ወይ?" ብሎ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው። እናንተ ከወንዝ ዳር ያደጋችሁ፣ ውሃው ሲደፈርስና ከላይ ሲጎመጅ ሰው እንዴት እንደሚሸሽ በራሳችሁ አፍ ንገሩት። ይህን ከእናንተ የተሻለ የሚያስተምረው የለም።

ሌሊቱ

ከቤቱ ውጭ አድሮ የማያውቅ ልጅ ቢፈራ አትሳቁበት። ከቲዩሉ በፊት አንድ ሌሊት አክስቱ ወይም የአጎቱ ልጅ ዘንድ ይደር። በሳክ ሼናውም ሳሎን ወለል ላይ ይተኛበት።

ሴት ልጅ ስትሆን እናት ትንሽ ትቀመጥና ታውራት። የወር አበባዋ በዚያ ቀን ቢመጣ የሚያስፈልጋትን በትንሽ ቦርሳ ትያዝ። ገና ያልጀመረችም ብትሆን ትያዝ፤ ሳታውቀው በመንገድ ላይ የሚደርስባት አለችና። ጸጉሯ ሹሩባ ቢሠራላት ሁለትና ሦስት ቀን ያለ ማበጠሪያ ይመቻታል። ወንድም ሆነ ሴት አንድ ነገር በደንብ ይወቁ፤ ሰውነቴን ሰው ነካኝ፣ አስፈራራኝ፣ አዋረደኝ የሚል ነገር ካለ በዚያው ሌሊት ለአስተማሪ ይነገራል፤ እማና አባም አይቆጡም። ይህን ከመሄዳቸው በፊት ከእኛ ሊሰሙት ይገባል።

እናንተም በየሰዓቱ አትደውሉ። በቀን አንድ ጊዜ፣ በማታ፣ ብላችሁ ተስማሙ። በብዙ ቦታ ስልክ አይሠራም፤ ስላልመለሰ ሞተ ማለት አይደለም።

መንገድን የምናውቅ ሰዎች

ብዙ እናቶችና አባቶች "አይሄድም" የሚሉት ወረቀቱ ስላልገባቸው ወይም ገንዘብ ስላጠራቸው አይደለም። መንገድን ስለሚያውቁት ነው። ከጎንደር፣ ከወልቃይት፣ ከጸገዴ ተነስቶ ቀን እየተደበቀ፣ ሌሊት እየተጓዘ ሱዳን የገባ ሰው፣ ልጅ ቦርሳ አንግቶ "ቻው" ሲለው ልቡ ይደነግጣል። በዚያ መንገድና በሱዳን መጠለያዎች ስንቱን ቀብረን መጣን። ስማቸው በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ባለው መታሰቢያ ይታሰባል፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን፣ ኢያር 28፣ እዚያ እንቆማለን። በ1991 በአውሮፕላን የመጣችሁም ከመንደራችሁ እስከ አዲስ አበባ የራሳችሁ መንገድ አላችሁ። ይህ ፍርሃት ሞኝነት አይደለም። ከሐዘን የመጣ ነው።

ልጁ ግን ይህን አያውቅም። እሱ የሚሰማው "እምቢ" የሚለውን ቃል ብቻ ነው። "እናቴ አታምነኝም" ወይም "ወላጆቼ ስለዚህ አገር ምንም አይገባቸውም" ብሎ ይተረጉመዋል። እናንተ ስለ አንድ መንገድ እያሰባችሁ፣ እሱ ስለ ሌላ መንገድ ይናገራል። በመካከል ያለው ዝምታ ነው።

ስለዚህ ቦርሳው ሲሞላ አጠገቡ ተቀመጡና አንድ ነገር ንገሩት። ሁሉን አይደለም፤ አንድ ነገር ብቻ። "እኛ በባዶ እግራችን ስንት ሳምንት ሄደን፣ አንተ በሁለት ቀን ታማርራለህ" ካልነው ታሪካችን ዱላ ይሆንበታል። "ሌሊት ስንሄድ እንዳንጠፋፋ አንዱ የሌላውን ነጠላ ይዞ ነበር" ብንለው፣ "አያትህ የደከመውን ልጅ ማንም ይሁን ማን ያዝል ነበር" ብንለው ግን ስንቅ ይሆነዋል። የደከመ ጓደኛ ሲያይ ቦርሳውን ሊቀበለው ያስታውሰዋል። ማውራቱ የሚከብዳችሁም አላችሁ፤ ሐዘኑ ገና አልደረቀም። አትገደዱ። "መንገድ ሲባል እፈራለሁ፤ አንተን ስለማላምን አይደለም" የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ልዩነቱንም ለራሳችን እንንገረው። የእኛ መንገድ መመለሻ አልነበረውም። የልጁ መንገድ ግን የሚመለስበት ቀንና ሰዓት ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።

ሲመለስ

ከአውቶቡሱ ሲወርድ የሚያገኘው ሰው ይኑር፤ አባት ካልቻለ ታላቅ ወንድም ወይም አያት። ቤት ሲገባ እግሩን እዩለት፣ ውሃ የቋጠረውን አጥቡና ሸፍኑለት። መዥገር እንዳልያዘው ከጆሮው ኋላና ከብብቱ ተመልከቱ። ይብላ፣ ይታጠብ፣ ይተኛ። ጥያቄው ነገ ይደርሳል።

በማግሥቱ "እንዴት ነበር?" ካላችሁት "ሰበባ" ብሎ ይዘጋችኋል። "ከማን ጋር ተኛህ? በጣም የከበደህ ዳገት የቱ ነው? ቆሎውን ማን ወደደው?" ብላችሁ ጠይቁት። በቀለሙ ወይም በስሙ የቀለደበት ልጅ ካለ ሳትቆጡ እስከ መጨረሻው ስሙት። ከዚያ መሐኔኸቷ ዘንድ ሄዳችሁ ቀኑን፣ ቦታውንና የተባለውን ቃል ንገሩ። ዝም ማለትም፣ "ከእንግዲህ አትሄድም" ማለትም ልጁን መልሶ መቅጣት ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሳክ ሼናውን ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ፣ ጫማውን ጠርጋችሁ አስቀምጡ። ጫማው ለእሱ ቢጠብበት ለታናሹ ይሆናል።

ልጆቻችን ሁሉ በሰላም ይውጡ፣ በሰላም ይግቡ።